ብተና፣ መስመር፣ ጣሳ

ኅዳር 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

እናቴ ትግርኛ አጥርታ ታነባለች፤ አማርኛ ግን አትችልም፣ መቻልም አትፈልግም። ስለዚህ ይህን በአማርኛ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ያሳለፍኩት ጊዜ ቢያንስ ለዚህ ይጥቀመኝ።

ሥራው ተፈቀደ። ጽጌሬዳ ቢሮዋ አስጠርታ ነገረችኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን አልጋችን ጎን ለጎን ነበር፤ ፀጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። ዛሬ እሷ የምሠራበት ክፍል ኃላፊ ናት፤ እኔ ለገጠር ሴቶች የጓሮ አትክልት አስተምራለሁ። በፈተና ውጤት እበልጣት ነበር። ይህን ማንሳት አያስፈልግም ነበር፤ አነሳሁት።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአስመራ ወጣ ብላ ባለችው መንደር፣ ዓዲ ኣበይቶ ላይ፣ የጥቅል ጎመን ዘር በሦስት ዓይነት አዘራር እንዘራለን፤ አንዱ መደብ በብተና፣ አንዱ በመስመር፣ ሦስተኛው በባዶ የቲማቲም ጣሳ፣ በየጣሳው ሁለት ሁለት ፍሬ። አፈሩም ውሃውም ጥላውም እኩል ይሆናል። ጠንካራ ችግኝ የሰጠው ዘዴ በየመንደሩ ይሰጣል። ችግኙን የሚወስዱት የመንደሩ ሴቶች ናቸው፤ ከገና በፊት ተክለው ለሁዳዴ ገበያ ያደርሱታል። በሁዳዴ አስመራ ውስጥ ጎመን ያለው ሰው አያፍርም።

ጽጌ ጣሳው እንዲያሸንፍ ትፈልጋለች። ከውጭ በመጣ መጽሔት ላይ ፎቶግራፉን አይታዋለች። እኔ መስመሩ እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

ኅዳር 5

ዘራን። ጓሮዋን የሰጠችን ትበርህ ናት፤ ጓሮው ከቤቶቹ ወጣ ይላል፣ የውሃው ጉድጓድ እዚያው አጠገብ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሏ ዘርዓይ ጡብ ማምረቻ ይሠራል። ሌሎቹ ሴቶች እሷ ያለችውን ይሰማሉ። እኔንም የሚሰሙኝ እሷ ስትፈቅድ ነው።

የብተናውን መደብ ለእሷ ተውኩላት። ዘሩን ከአመድ ጋር ቀላቅላ፣ ክንዷን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አድርጋ ጨረሰችው። እጇ ያምራል። እኔ ተንበርክኬ በእንጨት ጫፍ ቦይ እያወጣሁ ፍሬውን አንድ በአንድ ስጥል ሴቶቹ ይስቃሉ።

«መምህር፣ ለእያንዳንዱ ስም ልታወጪለት ነው እንዴ?» አለችኝ ትበርህ።

«ቆይ ታዪኛለሽ» አልኳት። ለቀልድ ያልኩት ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ዛቻ መሰለ።

ማታ ዘርዓይ በቢስክሌት መጣና ውሃውን ሳበልን። ረጅም፣ ከሲታ፣ ልብሱ በጡብ አቧራ የቀላ ሰው ነው። በሰልፍ የደረደርኳቸውን ጣሳዎች ሲያይ እግሩን አጋጥሞ ሰላምታ ሰጣቸው። ትበርህ በእርጥብ እጇ ጀርባውን መታችው።

ኅዳር 9

ፌርማታ ላይ ቆሜ። ሁለት ሴቶች ከኋላዬ። አንዷ «ማን ናት?» ትላለች። ሌላዋ፦ «እታ ናይ መንግስቲ።» የመንግሥቷ ሴትዮ ማለቷ ነው። ትግርኛ የማልሰማ መሰላቸው? እዚሁ አስመራ፣ ፓራዲዞ ሰፈር የተወለድኩ ሰው! ዞር ልል ነበር። አውቶቡሱ መጣ።

ኅዳር 15

ሁሉም በቅሏል። ብተናው እንደ ምንጣፍ አረንጓዴ ሆኗል፤ ትበርህ ጎረቤቶቿን እየጠራች ታሳያለች። መስመሩ ገና ክፍት ክፍት ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ደረቅ ሣር ጎዘጎዝኩ። ጣሳው ደህና ነው፤ ግን ቶሎ ይደርቃል። ጠዋት የጠጣው ከሰዓት በኋላ አመድ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ማጠጣት ግድ ነው፤ ሦስቱንም እኩል፤ አለበለዚያ ንጽጽሩ ንጽጽር አይሆንም።

ኅዳር 23

ብተናው ተመታ። ተጨናንቆ ስለበቀለ ንፋስ አያገኝም፤ ሥሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ትናንት ቆሞ የነበረው ዛሬ ጠዋት አንገቱ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ተኝቶ አገኘነው። መደቡ መሐል ላይ ምጣድ የሚያህል ራሰ በራ ወጥቷል።

ትበርህ ቁጢጥ ብላ አንዱን ነቀለችና አገላብጣ አየችው። «እናቴ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትዘራው» አለች።

«እናትሽም ግማሹን ታጣ ነበር» አልኳት። ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ይሰማሉ።

የተረፈውን እንዴት ማሳሳት እንዳለባት ሳሳያት እጆቼን እያየች ሠራች፤ ፊቴን ግን አላየችም። እናቷ የሞተችው ባለፈው ክረምት መሆኑን ወደ ቤት ስመለስ አብራኝ የሄደች ሴት ነገረችኝ።

ትክክል ነበርኩ። ይህንንም ልጻፈው። ትክክል ነበርኩ።

ኅዳር 28

ጽጌሬዳ በመንግሥት መኪና መጣች፤ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካ ሣሩ ላይ ቆማ ጣሳዎቹን ፎቶግራፍ አነሳች። መስመሩን አላነሳችም።

«ርግቤ፣ ይሄማ የሥዕል መጽሐፍ ነው!» አለችኝ።

«መስመሩ ግንዱ ይወፍራል፣ ጽጌ። ሥሩን ነቅዬ ላሳይሽ።»

«ጣሳው ግን እንዳይጎድል አደራ። እስከ መጨረሻው ካልደረሰ ሪፖርቱ ሪፖርት አይሆንም። አንዱ ከጎደለ ምን ከምን ጋር ታወዳድሪያለሽ?»

ይህ እውነቷ ነው። እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር።

ስትሄድ ትበርህ «ጓደኛሽ ናት?» አለችኝ።

«አለቃዬ ናት» አልኩ። ለምን ጓደኛዬ ናት እንዳላልኩ አላውቅም።

ታኅሣሥ 7

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በሬድዮ ሰማን። እናቴ ዘግተሽ ነይ አለችኝ፤ ሬድዮውን ማለቷ ነው። መንገዱ ላይ ወታደር በዝቷል። እስከ ፎርቶ ጦር ሰፈር ድረስ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል።

ታኅሣሥ 9

ከመሸ መውጣት ተከልክሏል። ከመንደሩ ውጭ የተገኘ ሰው ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም ይባላል፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጉድጓዱ ከቤቶቹ ትንሽ ራቅ ይላል። ስለዚህ ትናንት ማታ ማንም አላጠጣም። ዛሬ ስደርስ መስመሩ ምንም አልሆነም፤ ጉዝጓዙ እርጥበቱን ይዞለታል። ከብተናው የተረፈውም ቆሟል። የጣሳው ቅጠል ግን ጆሮውን ጥሏል።

«ጣሳውን ተዪው» አለችኝ ትበርህ። «ይሙት። መስመሩ እንደሆነ ለሁላችንም ይበቃል። አንቺው አይደለሽ መስመር ይበልጣል ያልሽው? ይኸው በለጠ።»

«እንዲህ አይደለም የሚበልጠው። ሦስቱም እኩል ውሃ ካላገኙ ማንም አያምነኝም።»

«ማን ነው እንዲያምንሽ የምትፈልጊው?»

ሌሎቹ ሴቶች ጣሳዎቹን ወደ ቤታቸው እንውሰድ አሉ፤ አንድ አንድ እቅፍ ቢይዙ ያልቅ ነበር። እምቢ አልኩ። ከቦታው ከተነሳ ጥላው ይለያያል፣ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ፈቃድ እጠይቃለሁ አልኳቸው።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ

ጽጌሬዳ ቤት ምሳ። የጾም ፓስታ። ባሏን ሻለቃ አሳምነውን ከዚህ በፊት ያገኘሁት ለሰላምታ ብቻ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ አባቱ ደብረ ብርሃን ላይ ጎመን ይተክሉ እንደነበር አጫወተኝ። ስለ መደቦቹ ሲጠይቅ ከልቡ ነው። በቢሮው እንኳ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ግንዱ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ ጉዝጓዙ አወራሁለት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የማታውን ውሃ ነገር አነሳሁ።

«ማታ የሚያጠጣው ስንት ሰው ነው?» አለኝ።

«ሁለት ወይ ሦስት ሴቶች። ውሃ የሚስብላቸው የትበርህ ባል ነው፤ ዘርዓይ።»

«እሱ ቀን የት ይውላል?»

«ጡብ ማምረቻ ነው የሚሠራው። የሚመለሰው ሲመሽ ነው፣ በቢስክሌት።»

«በአስፋልቱ?»

«የለም፣ ከጉድጓዱ በላይ ባለችው አቋራጭ። እርስዎ ፈቃዱን ቢሰጡልን ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ችግኙ ሊደርስ ነው።»

ፓስታውን በሹካው ጠቀለለ። «እናየዋለን። ፈቃዱ እስኪደርስ እንደለመዱት ያጠጡ በያቸው። ማንም አይነካቸውም።»

ጽጌ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨመቅ አደረገችኝ። የድሮዋን ጽጌ መሰለችኝ።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። ምሥር እየለቀመች ነበር። አቆመች።

«ስም ጠራሽ?»

«ለፈቃድ ነው እኮ፣ ኣደይ። ያለ ስም ፈቃድ አይሰጥም።»

«ስም ጠራሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

እናቴ የምታስበው ሁሌ ክፉ ክፉውን ነው። በጣልያን ጊዜም በእንግሊዝ ጊዜም እንዲሁ ነበረች። የጠየቅሁት ውሃ ነው።

ታኅሣሥ 12

ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። ሻለቃው እንደለመዳችሁት አጠጡ ብለዋል አልኩ። ሴቶቹ ትበርህን አዩ። ትበርህ እኔን አየች። «አንቺ ካልሽ» አለች።

ታኅሣሥ 14

ትናንት ማታ ዘርዓይን ወሰዱት።

መጻፍ አልቻልኩም። ነገ።

ታኅሣሥ 15

ትበርህ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም፤ አጠጥተው በሰላም ገቡ። በሁለተኛው ቀን ዘርዓይ በአቋራጩ ወርዶ ቢስክሌቱን ከዛፉ ጋር አስደገፈ። ገመዱን ገና ሲይዝ ከቁልቋሉ ጀርባ ወታደሮች ተነሱ። ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ሴቶቹን ግቡ አሏቸው። እሱን በስሙ ጠሩት።

«ማን ነህ እንኳ አላሉትም» አለች። «ዘርዓይ፣ ና አሉት። በስሙ። ጎረቤት እንደሚጠራው።»

ባልዲው ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። ቢስክሌቱንም ጭነው ወሰዱት።

ዘርዓይ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ስሙን ከጡብ ማምረቻው ማንም ሊነግራቸው ይችላል። አንድ ሰው ሲመሽ በአቋራጭ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ማንም ያየዋል፤ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ምናልባት እኔ የማላውቀው ሌላ ነገርም ነበረው ይሆናል። ሰው ጎረቤቱን በሙሉ አያውቅም። ሻለቃው ራሱ ማንም አይነካቸውም ብሎኛል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ምሳ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 17

ጣሳው በሙሉ ደርቋል። ከሰዓት ያለውን ሙቀት አልቻለውም። አፈሩ ከጣሳው ግድግዳ ተላቅቆ ይንቀጫቀጫል። መስመሩ በጠዋት ውሃ ብቻ ቆሟል፤ ግንዱ እንደ እርሳስ ወፍሯል። እንዲህ ያለ ችግኝ በሕይወቴ አላየሁም።

ለጉዝጓዙ ሁሌ ሣር የምታመጣልኝ ዝምተኛዋ ጎረቤታቸው ዛሬ በሩቁ አይታኝ በሌላ መንገድ ዞረች።

ታኅሣሥ 20

ትበርህ ቢሮ ድረስ መጣች። ዘበኛው በር ላይ አቁሟታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አድርጋ፣ ስንቅ በጨርቅ ቋጥራ። በየእስር ቤቱ ዞራ «እዚህ የለም» ብለዋታል።

«ያ የጓደኛሽ ባል» አለችኝ፤ በዚህ ጊዜ አለቃዬ ናት አላልኩም። «አንድ ቃል ብቻ ጠይቂልኝ። በሕይወት አለ ወይ ብቻ። ሌላ አልፈልግም።»

«እጠይቅልሻለሁ።»

«የቐንየለይ» ብላ አመሰገነችኝ። እጄን ሳመችው። እጄን ልስብ ስል አጥብቃ ያዘችው።

ታኅሣሥ 22

አልጠየቅሁም። ጽጌ ስብሰባ ነበረባት።

ታኅሣሥ 23

ዛሬም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ሻለቃው ምን ያስባል? ከእነሱ ጋር ምን አገናኘሽ ቢለኝስ? እናቴ ብቻዋን ናት፤ ከእኔ ሌላ ማን አላት?

ታኅሣሥ 24

ተከልን። ሴቶቹ ያለ አንድ ቃል ችግኙን ከመስመሩ ነቅለው ተከፋፈሉ፤ ከብተናው የተረፈውንም ለትበርህ ጨመሩላት። እንዴት እንደሚተከል ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ያውቁታል። ትበርህ የባሏን ቦታ ይዛ ውሃ ስትስብ ዋለች፤ ትልቋ ልጇ ገመዱን ከኋላዋ ትይዛለች።

ሲጨርሱ ትበርህ ወደ እኔ መጣች። «ጠየቅሽልኝ?»

«ጠየቅሁ» አልኳት። «አናውቀውም ነው የሚሉት።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚህ በኋላ ሌላ ቦታ ሄጄ ልፈልገው አለች፤ ከረን ድረስም ቢሆን።

ዋሸሁ። ብጠይቅም ኖሮ መልሳቸው ይኸው አይደል?

ጥር 8

ሪፖርቱን አስረከብኩ። ብተና፦ በበሽታ ግማሽ ያህሉ ጠፋ፤ የተረፈው ቀጭን። ጣሳ፦ በውሃ እጥረት ሙሉ በሙሉ ደረቀ። መስመር ከጉዝጓዝ ጋር፦ ከሁሉም የበለጠ።

ጽጌ አነበበችው። «የውሃ እጥረት ለምን ሆነ?» አለችኝ።

«ታውቂያለሽ፣ ጽጌ።»

ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አዞረችው። «እኔ ከአሳምነው ጋር ስለ ሥራው አላወራም» አለች፤ «እሱም አይነግረኝም። አንቺም አትጠይቂኝ።» ከዚያ በቀይ እርሳስ «በውሃ እጥረት» የሚለውን ሰርዛ «በአካባቢው የአየር ሁኔታ» ብላ ጻፈችበት።

እኔም ፈረምኩ።

ጥር 25

ሪፖርቱ ተወደሰ። የመስመር ዘዴ በአስመራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ይሰጣል፤ የማስተምረው እኔ ነኝ። ደረጃዬም ከፍ ይላል። ጽጌ በሰው ሁሉ ፊት ጉንጬን ሳመችኝ። ሽቶዋ ዛሬ ሙሉ ቀን ከልብሴ አልወጣም።

እናቴ እንኳን ደስ አለሽ አላለችኝም። «ለየትኛው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

የካቲት 19

ሁዳዴ ገባ። ስለ ዘርዓይ ምንም የለም። ጡብ ማምረቻው በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሯል አሉ። ወደ ዓዲ ኣበይቶ ከሄድኩ ሰነበትኩ። ሥራ በዛ።

መጋቢት 14

ከሥራ ስመለስ ትበርህ ቤታችን ተቀምጣለች።

ጎመን ሸጣ ነው የመጣችው። ለእኔ ሁለት ራስ ጥቅል ጎመን ይዛልኛለች፤ እጅ የማይዘው፣ ድንጋይ የሚመስል። ከስታለች። ፊቷ ላይ የቀሩት ዓይኖቿ ናቸው። እናቴ ሻሂ ሰጥታታለች። በጉልበቷ ላይ ብርጭቆውን ይዛ «ሴቶቹ አትሂጂ ብለውኝ ነበር» አለች። «እኔ ግን ሰው ጠይቆልኝ እንዴት ሳላመሰግን እቀራለሁ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የጠየቀችልኝ አንቺ ነሽ።»

መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ ቀረሁ።

«አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ» አለች። «ስሙን ማን ነገራቸው? መንገዱን ማን ነገራቸው? ከመንደሩ ነው ይላሉ። እያንዳንዷን ጎረቤቴን አያለሁ። ገመድ የያዘችልኝን፣ ልጆቼን ያበላችልኝን፣ ሁሉንም እያየሁ አንቺ ትሆኚ? አንቺ ትሆኚ? እላለሁ። ከሰው ጋር መኖር አቃተኝ። መምህር፣ ቢሮ ውስጥ የሰማሽው ነገር የለም?»

ልናገር ነበር። በእርግጥ ልናገር ነበር።

«እሷ ምን ታውቃለች» አለች እናቴ። «የቢሮ ሰው ምን ይነገረዋል፣ ልጄ። ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።»

ትበርህ ጠጣች። ስትወጣ እናቴን ሳመች፣ እኔንም ሳመችኝ። ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቆየች። እስከ ፌርማታው ልሸኛት ስል አይ፣ ገና ሳይመሽ ልድረስ አለች።

በሩን ዘግቼ ተመለስኩ። እናቴ ጎመኖቹን አንስታ በነጠላዋ ጠቀለለቻቸውና ለጎረቤት ልትሰጥ ወጣች። ከደጃፉ ላይ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣

«በጾም አስዋሸሽኝ» አለችኝ።

መጋቢት 16

ዛሬ በአዲሱ መንደር የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። ከሃያ የማያንሱ ሴቶች መጡ፤ አንዳንዶቹ ሕፃን አዝለዋል። መደቡን ደለደልን፣ ቦይ አወጣሁ፣ ዘሩን አንድ በአንድ መጣል አሳየኋቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ቶሎ ገባቸው። ከኋላ የቆመች አንዲት ልጅ እግር እጇን አነሳች።

«ማታስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምናጠጣው?»

«ማታ የለም» አልኩ። «ጠዋት ብቻ። ቢጠወልግም ተዉት፤ ማታ ማንም አይውጣ።»

ያደልኳቸው የትምህርቱ መጽሐፍ ግን ጠዋትና ማታ ይላል አለች፤ ማንበብ ትችላለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«መጽሐፉን ተዪው» አልኳትና ጭቃውን ከእጄ ላይ መጥረግ ጀመርኩ።